የባልዲሪ ካብ

ቴክላ ውሸታም አልነበረችም። በንስሐ ለቄሱ አትዋሽም። በመንደሩ የወይራ ዘይት መጭመቂያ ሠላሳ ዓመት ሚዛን ላይ ስትቆም የማንንም ኪሎ አላጎደለችም። ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ እንጉዳይ በሚወጣበት ወራት ግን፣ «ወዴት ነሽ?» ብሎ የጠየቃት ሁሉ ውሸት ተሸክሞ ይመለስ ነበር። እኛ የቫልሴካ መንደር ሰዎች ይህን ከኃጢአት አንቆጥረውም። የእኛ መንደር ሰው ከሚስቱ ጋር ለምን እንደተኳረፈ ይነግርሃል፤ ሐኪሙ ስለ ፊኛው ያለውን ሳይቀር ይነግርሃል። እንጉዳይ የሚለቅምበትን ቦታ ስትጠይቀው ግን ስለ ዝናብ ማውራት ይጀምራል።

ቦታ በእኛ ዘንድ ትልቅ ነገር ነው። ደኑ የመንግሥት ነው፣ ጥዱም የመንግሥት ነው። በየትኛው ጥድ ሥር፣ በየትኛው ሳምንት ሮቬዮ እንደሚበቅል ማወቅ ግን ርስት ነው። ሮቬዮ የምንለው ያን ብርቱካንማ እንጉዳይ ነው፣ ሲቆርጡት ቀይ የሚደማውን። ርስቱ በወረቀት አይተላለፍም። ከአንድ አፍ ወደ አንድ ጆሮ ይሄዳል፤ ለአንድ ሰው ብቻ፣ ያውም አውራሹ ከአልጋ የማይነሣበት ቀን ሲመጣ። ቀድሞ የተናገረ ይቆጨዋል፤ የዘገየ ይዞት ይቀበራል።

የቴክላ አባት ባልዲሪ ከሰል አክሳይ ነበር። የሚሞትበት ሰዓት ሲደርስ ቤቱንና የወይራውን እርሻ ለታላቁ ልጁ ለሜልሲዮር ሰጠ። ከዚያም «ልጄ፣ ከምንጩ ቀዝቃዛ ውኃ ቅዳልኝ» ብሎ አስወጣውና የቴክላን ራስ ጎትቶ ወደ አፉ አስጠጋ። ቦታውን፣ መንገዱንና ምልክቱን ነገራት። ሜልሲዮር ውኃውን ይዞ ሲመለስ አባቱ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፣ እህቱ ደግሞ ከንፈሯን ገጥማ። ያኔ እሷ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ፣ እሱ አርባ ዓመቱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አንድ ዓመት ወንድምና እህት ካብ ለካብ ሲተያዩ ኖሩ። ተጣልተው አይደለም። ገና ሲመጣ አንድ ገበታ ይቀርባሉ፤ አንዱ ሲታመም ሌላው ሾርባ ይዞ ይሄዳል። በእንጉዳይ ወራት ግን በፊነታ ቡና ቤት በር ላይ ከተገናኙ መንደሩ ሥራውን ትቶ ይሰማቸዋል።

«ቴክላ! ዛሬስ ከየትኛው ሱቅ ገዛሽ?» ይላታል ሜልሲዮር፣ በቅጠል የተሸፈነውን ቅርጫቷን እያየ።

«ከዓይነ ስውሮች ማኅበር። የት ጠፋብን እያሉ አንተን ይጠይቃሉ።»

«ቤቱን ወሰደ ብለሽ አትኩረፊ፤ የወሰድኩት የሚያፈስ ጣሪያ ነው።»

«እኔስ ምን ወሰድኩ? አፈር!»

ከዚያ ቅርጫት አንዲት ፍሬ እንኳ ለወንድሟ አካፍላው አታውቅም። ከክፋት አልነበረም። ሮቬዮ በእግሩ አፈር ይዞ ይመጣል፤ አፈሩ ቀይ ከሆነ ከወዲያ ነው፣ ነጭ ከሆነ ከወዲህ ነው። ሜልሲዮር ደግሞ አፈር አይቶ የሚያውቅ ገበሬ ነው። እሷም ብድሯን የምትመልስበት ወራት ነበራት። በየፋሲካው ሜልሲዮር አስፓራገስ የሚባለውን የዱር ቀንበጥ ልለቅም ብሎ ይወጣና ቀኑን ሙሉ ይጠፋል። ሲመለስ መዳፉ ተጫጭሯል፣ የያዘው ግን እፍኝ አይሞላም።

«ቀኑን ሙሉ ዞረህ አሥር ፍሬ?» ትለዋለች ቴክላ። «እኔ ተኝቼ በእግሬ ጣት ይህን እለቅማለሁ።»

እሱም ይስቅና እጁን ኪሱ ይከታል።

ያለፈው ዓመት ልጇ አኜስ ከባርሴሎና መጥታ በእናቷ ሞባይል ላይ አንድ ነገር ጫነችበት። «እማዬ፣ የት እንዳለሽ ካርታ ላይ ያሳየኛል። ብቻሽን ጫካ ለጫካ ስትሄጂ እኔ እንቅልፍ የለኝም» አለቻት። ቴክላ ሳመቻት፣ አመሰገነቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለእንጉዳይ ስትወጣ ሞባይሉን ዳቦ ማስቀመጫው ውስጥ ትቀብረው ጀመር። አኜስ እንጉዳይ የምትበላው ከሱቅ በላስቲክ ተጠቅልሎ የመጣውን ነው፤ ቴክላ ይህን ካየች ወዲህ ስለ ውርስ ማሰቡን ለሌላ ጊዜ አስተላልፋዋለች።

አሁን የምነግራችሁ ቀን በጥቅምት መጨረሻ ያለ ዓርብ ነው። ትልቁ ዝናብ ከዘነበ ልክ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፣ ያ ደረቅ የሰሜን ነፋስም ገና አልተነሣም። ቴክላ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሽርጧን አሰረች፣ ሰንጢዋን ኪሷ ከተተች፣ ዱላዋንና ቅርጫቷን ያዘች። ባሏ ኢዚድሬ ዳቦ ላይ ቲማቲም እያሸ ቀና አለ። የባሕር ዳር ሰው ነው፤ ዓሣ እንጂ እንጉዳይ አያውቅም።

«ወዴት ነሽ?»

«ሞላ ግሮሳ።»

ሞላ ግሮሳ ከመንደሩ በስተምዕራብ ያለው ትልቁ ተራራ ነው። ኢዚድሬ ደግ ሰው ነው፤ ምስጢርም ይጠብቃል፣ ሁለተኛው ብርጭቆ እስኪመጣ ድረስ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል፤ ቴክላ ይህን ስለምታውቅ ለእሱም እንደሌላው ሰው ትዋሻለች።

በምዕራቡ መንገድ ወጣች። ያገኘችውን ሁሉ ጮክ ብላ ሰላም አለች፣ ወደ ሞላ ግሮሳ ስትሄድ እንዲያዩላት። መቃብሩን ካለፈች በኋላ ጭቃው ብቻ ወደቀረው ወንዝ ወረደችና በመንደሩ ሥር ዞራ ወደ ምሥራቅ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ የት እንደሄደች አትጠይቁኝ። እኔም አላውቅም፤ ባውቅም ስለ ዝናብ አወራላችሁ ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል ሽቅብ እንደተጓዘች፣ ጥዶቹ እየጠበቡ ሲመጡ ጦስኙና የጥብስ ቅጠሉ በእግሯ ሥር እየተረገጠ እንደሸተተ፣ ከአራት የጥንት እርከኖች እንደደረሰች ብቻ እወቁልኝ።

የዱሮ ሰዎች እህል የዘሩበት እርከን ነው፤ ዛሬ ጥድ ውጦታል። የሦስቱ ካብ ከፈረሰ ቆይቷል። በዚህ አገር ተራራ ላይ የዱር አሳማ ሥር ሲምስ የማያፈርሰው ካብ የለም። አራተኛው፣ ባልዲሪ ራሱ በወጣትነቱ የካበው፣ ግን እስከ ደረት ከፍ ብሎ ቀጥ እንዳለ ነው። አፈሩን የያዘው እሱ ነው፣ አፈሩም እርጥበቱን የያዘው በእሱ ነው፤ ሮቬዮውም የሚወጣው ለዚህ ነው። ቴክላ በደረሰች ቁጥር ድንጋዩን በመዳፏ መታ መታ ታደርገዋለች። «አባባ ሲክብ እንዲህ ነው» ትላለች። አንድም ድንጋይ ሳይወድቅ ሠላሳ አንድ ዓመት! ይህ ካብ ኩራቷ ነበር።

ሥራዋን ጀመረች። ሮቬዮ በቀላሉ አይታይም፤ የረገፈው የጥድ ቅጠል ትንሽ አበጥ ያለበትን ነው የሚያዩት። እዚያ በዱላዋ ጫፍ ገለጥ ታደርጋለች፣ ትንበረከካለች፣ እግሩን በሰንጢ ትቆርጣለች፣ ቦታውን መልሳ ትሸፍናለች። የቆረጠችውን ጉማጅ እንኳ አትጥልም፣ ለሌላ ሰው ምልክት እንዳይሆን ኪሷ ትከተዋለች። በላይኛው እርከን ሦስት ሕፃናት አገኘች፣ የኮት ቁልፍ የሚያክሉ። አልነካቻቸውም። «እናንተ ለሐሙስ» አለቻቸውና አለበሰቻቸው።

ቅርጫቷ ሊሞላ ሲል በካቡ ራስ ላይ፣ ወደ ውጭ ባዘነበለው ጥድ ሥር፣ የሰሐን ያህል የሰፋ አንድ ሮቬዮ አየች። በየዓመቱ እንደምታደርገው ካቡ ላይ ወጣች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ደረሰባት። ድንጋዩ በእግሯ ሥር ተንሸራተተ፣ የጎኑም ተከተለው፣ ካቡ ሆዱ ተዘርግፎ ወረደ፤ ቴክላም አብራው ወረደች።

ከድንጋዩ ሥር ቀኝ እግሯን ስትጎትት ራሷ ያወጣችውን ድምፅ አላወቀችውም። ከቁርጭምጭሚቷ በላይ እግሯ መታጠፍ በማይገባው ቦታ ታጥፏል። ላብ አጠመቃት። መጀመሪያ የመጣባት ግን ፍርሃት አልነበረም፣ ንዴት ነው።

«አባባ!» አለች ወደ ፈረሰው ካብ። «አንተም?»

ከዚያ ተቀምጣ አሰበች። ማንም አይመጣም። እንዳይመጣ ሠላሳ አንድ ዓመት የደከመችው ራሷ ናት። ሞባይሉ ከዳቦ ጋር ነው። ብትጮኽ ምናልባት የከተማ ሰዎች ይሰሟት ይሆናል፣ እነዚያ ፌስታል ይዘው ደኑን እንደ ጓሯቸው የሚያምሱት። እነሱ ከመጡ ደግሞ በሳምንቱ ቦታው በየሰዉ ስልክ ላይ ነው። ዝም ብላ ብትቀመጥ የዚህ ተራራ ብርድ በስድሳ ሰባት ዓመት ገላ ላይ እስከ ንጋት ምን እንደሚሠራ ታውቃለች። የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ ሸለቆውን ተከትሎ የደን መኪና የሚሄድበት መንገድ አለ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ቁልቁል። እዚያ ደርሳ ትጮኻለች። ከዚያ መልስ የሚያገኛት ሰው ከየት እንደመጣች አያውቅም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ቴክላ ሞኝ አልነበረችም፣ ግን አልለቀቀችም።

ጥርሷን ነክሳ ዱላዋን በጉልበቷ ሰበረች፣ ሁለቱን ስባሪ ከግራና ከቀኝ እግሯ ላይ አድርጋ በሽርጧ ጠፍራ አሰረችው። ቅርጫቷን እየገፋች ወስዳ በአንድ የጥብስ ቅጠል ቁጥቋጦ ሥር ደበቀችው። ከዚያም፣ ይህን ስነግራችሁ ሳቄ ይመጣል፣ በተቀመጠችበት እየተንፏቀቀች እጇ የደረሰበትን የተቆረጠ ቦታ ሁሉ እንደገና በቅጠል ሸፈነች። ሰው ቢያየኝ እብድ ይለኛል ብላ አሰበች። እብድ ይበለኝ፣ ቦታውን አይወቅብኝ እንጂ።

ጀርባዋን ወደ ቁልቁለቱ ሰጥታ፣ በመዳፏና በደህናው እግሯ እየገፋች ወረደች። እግሯ ከሥር በተነካ ቁጥር ዓይኗ ይጨልማል። ከጥድ እስከ ጥድ ትሄዳለች፤ ግንዱ ላይ ጀርባዋን አስደግፋ እስትንፋሷን ትሰበስባለች፤ ከዚያ «እስከዚያኛው» ትላለች፣ ትሄዳለች። ስድስት ሰዓት ላይ ጥም አንደበቷን አጣበቀው። በአለት ጎድጓዳ ውስጥ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ አገኘችና የጥድ ቅጠሉን በእጇ ገፋ አድርጋ እንደ ፍየል ጠጣች። ትንሽ ዝቅ ብሎ ያቺ በመከር ቀያይ ክብ ፍሬ የምትይዝ ዛፍ ነበረች። ፍሬዋ ሲበዛ ራስ ያዞራል ይሉናል ልጆች ሳለን። ቴክላ ከመሬት የወደቀውን ሰባት ለቅማ በላች። ስምንተኛውን አንሥታ አየችው፤ መልሳ ጣለችው። ዛሬ ራሷን ትፈልገዋለች።

አሥር ሰዓት ላይ የሄሊኮፕተር ድምፅ ሰማች። ቀና ብላ በጥዶቹ መሃል ብትፈልግ ከሸለቆው ማዶ፣ በስተምዕራብ፣ እንደ ዝንብ ትንሽ ሆኖ ሲዞር አየችው። ሞላ ግሮሳን ነው የሚዞረው። የጠፋ ሰው የሚፈልጉት የእሳት አደጋ ሰዎች ናቸው፤ እሷን ነው የሚፈልጓት።

ያን ጊዜ ፈራች። እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ኢዚድሬ በምሳ ሰዓት ሳህን አቅርቦ ሲጠብቃት፣ ከዚያ ባርኔጣውን አድርጎ ሲወጣ፣ ከዚያ አሁን የተሳሳተ ተራራ ሥር ቆሞ አንገቱን አቅንቶ ሲያይ ታያት። ሞላ ግሮሳ ያለችው እሷ ናት። ለጎረቤቱ ሁሉ ጮክ ብላ ሰላም ያለችው እሷ ናት። ተቀምጣ አለቀሰች። ለማን ብዬ ነው የምደብቀው? አለች በሆዷ። አኜስ አትፈልገውም። እኔ ዛሬ እዚህ ከቀረሁ ቦታውም አብሮኝ ይቀራል። ታዲያ ለማን?

አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና «እስከዚያኛው» አለች።

መንገዱ ላይ ስትደርስ ፀሐይ ከተራራው ጫፍ ላይ ነበረች። መዳፏ ሥጋው ታይቷል። መሃል መንገድ ላይ ተቀምጣ ሳንባዋ እስኪደክም ጮኸች፤ የመለሰላት ገደሉ ብቻ ነው። እንደገና ጮኸች። ብርዱ ከመሬቱ መነሣት ጀመረ።

ከዚያ ከበስተኋላዋ ኮቴ ሰማች። ከመንገዱ አልነበረም። ከላይ፣ እሷ ራሷ በመጣችበት ሸለቆ፣ በጥዶቹ መሃል አንድ ሰው እየወረደ ነው። በአንድ እጁ ሆዱን ደግፏል፣ ትንፋሹ ከሩቅ ይሰማል። በሌላው እጁ ቅርጫት ይዟል። የእሷን ቅርጫት።

ሜልሲዮር ነበር።

አጠገቧ መጥቶ ቅርጫቱን አስቀመጠ። «ዕቃሽን ረስተሽ ወረድሽ» አላት።

ቴክላ ቅርጫቱን አየች፤ ወንድሟን አየች። «ከየት ነው የመጣኸው?»

«ከላይ።»

«ከላይ የት?»

«ከአባባ ካብ።» ኮቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣለላት። «እግርሽን እንዴት ነው ያሰርሽው? ለበግ እንኳ እንዲህ አይታሰርም።»

«ማን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝም። ውኃ ቅዳ ብሎ ሲያስወጣኝ በሩ ሥር ቆሜ ነበር። የአባባ ሹክሹክታ እኮ ፈረስ ያስበረግግ ነበር።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ቫልሴካ በሙሉ ያልሰማውን አንዱ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቀው ኖሯል፤ ሳታውቅ የኖረችው እሷ ናት። ቴክላ ከእግሯ ይልቅ ይህ አመማት።

«ሠላሳ አንድ ዓመት!» አለች። «ሠላሳ አንድ ዓመት ስታሾፍብኝ ኖርህ! በመቃብሩ በኩል ስዞር፣ በወንዙ ስሳብ፣ አንተ እያወቅህ…»

«በወንዙ መዞርሽን አላውቅም ነበር። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ጫማሽ የሚጨቀየው?»

«ስንት ጊዜ ቆረጥህ? እውነቱን ንገረኝ።»

ሜልሲዮር ፊቱ ተለወጠ። «ያልተሰጠኝን? ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አንዲት ፍሬ አልነካሁም። ጉሮሮዬ ላይ ይቆም ነበር።»

«ታዲያ እዚያ ምን ትሠራ ነበር?»

ጎንበስ ብሎ እግሯ ላይ ያለውን ሽርጥ ፈታና እንደገና በደንብ ማሰር ጀመረ። እጆቹን ያኔ አየቻቸው። ጥፍሩ የተሰነጠቀ፣ ጣቱ ሁሉ የድንጋይ ጠባሳ ያለበት እጅ። በየፋሲካው ተጫጭሮ የሚመጣው መዳፍ ትዝ አላት፤ ያ እፍኝ የማይሞላ አስፓራገስም።

«አሳማ በየዓመቱ ያፈርሰዋል» አለ ሜልሲዮር፣ ዓይኑን ከቋጠሮው ሳያነሣ። «አንድ ዓመት ሁለት ክንድ፣ አንድ ዓመት ግማሹን። እንጉዳዩን ላንቺ ሰጠ። ስለ ካቡ ግን ለማንም ምንም አላለም።»

ቴክላ እጇን ዘርግታ ጣቱ ላይ ያለውን ጠባሳ ነካችው።

«ዘንድሮ ያ የሆዴ ቀዶ ጥገና በፋሲካ ላይ ዋለ። ሐኪሙ ድንጋይ አታንሣ አለኝ። አሳማው ዘንድሮ የማሰው ሥሩን ነው፤ ከላይ አይታይም። ሳልክበው ቀረሁ።» ቋጠሮውን ጠበቅ አደረገው። «በዘጠኝ ሰዓት ፊነታ ቤት ሞላ ግሮሳ ላይ ጠፋች ሲሉ፣ ካቡ ነው አልኩ በልቤ። እኔ ነኝ የጣልኳት አልኩ።»

«ለእሳት አደጋ ሰዎቹ ነገርህ?»

«ካርታውን ዘርግተው ሲጠይቁ አፌን ከፍቼ ነበር። ጣቴን ባሳርፍበት በግማሽ ሰዓት ያገኙሽ ነበር።» ቀና ብሎ አያት። «ከዚያ ሆስፒታል ስትነቂ መጀመሪያ እኔን ትገድይኝ ነበር። ወጥቼ በእግሬ መጣሁ። ካቡ ፈርሶ፣ ቅርጫቱ ተደብቆ፣ አንቺ ግን የለሽም። የተንፏቀቅሽበትን ተከትዬ ወረድኩ። አሁን ጩኸትሽን ስሰማ ከላይ ሆኜ ደውዬላቸዋለሁ፤ ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገድ ላይ ወድቃ አገኘኋት አልኳቸው።»

«ከየት ስመለስ?»

«ይህን አልጠየቁኝም።»

ቴክላ ከእንባዋ መሃል ሳቀች፤ ሳቁ እግሯን ሲነካው ደግሞ ጮኸች። «ለምን አንድ ቀን አልነገርከኝም፣ አንተ ድንጋይ?»

«ብነግርሽ ደግመሽ አትሄጂበትም ነበር። ከዚያ የማንን ካብ ልክብ?»

የእሳት አደጋ መኪናው መብራቱን አብርቶ መጣ። ከሁለቱ ሰዎች አንደኛው ወጣት ነበር፣ ከጎረቤት መንደር። ቴክላን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ቃሬዛው ላይ ካስተኛት በኋላ ወረቀት አወጣ።

«እማማ፣ የወደቁት የት ነው? መመዝገብ አለብኝ።»

«ሞላ ግሮሳ» አለች ቴክላ።

«እዚሁ መንገዱ ላይ» አለ ሜልሲዮር፣ እኩል ከአፏ ጋር።

ወጣቱ የሴትየዋን የቆሰለ መዳፍ አየ፤ የሽማግሌውን ጉልበት ላይ የተጣበቀ የጥድ ቅጠል አየ፤ ቅጠል የለበሰውን ቅርጫት አየ። እሱም እናት አለችው፤ እሷም በመስከረም ስለ ዝናብ ማውራት ትወዳለች።

«መንገድ ላይ» ብሎ ጻፈ።

ቃሬዛውን ሲያነሡት ቴክላ የወንድሟን እጅጌ ያዘች። ጎትታ ራሱን ወደ አፏ አስጠጋች፣ ያን ጊዜ አባታቸው እንዳደረገው።

«ላይኛው እርከን ላይ» አለችው በሹክሹክታ፣ «ከተሰነጠቀው ጥድ በስተግራ፣ ሦስት ሕፃናት ትቻለሁ። ሐሙስ ይደርሳሉ። ቁረጣቸው።»

ሜልሲዮር ደርቆ ቀረ። «እኔ?»

«ከሥር እንዳትነቅል። በሰንጢ። መልሰህ ሸፍን።»

«ካቡስ?»

«ካቡን እንዳትነካ! ድንጋይ አታንሣ ተብለሃል። ለፋሲካ እኔም እድናለሁ፤ አንተ ታሳየኛለህ፣ እኔ አነሣለሁ።»

ኢዚድሬ በዚያ ምሽት ሚስቱን ሆስፒታል አግኝቶ ግንባሯን ሲስም የመጀመሪያ ቃሉ «ዳቦው ሲጮኽ ዋለ» የሚል ነበር። አኜስ አርባ ጊዜ ደውላ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቴክላ እግሯ በጄሶ ታስሮ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተዘርግቶ ነበር። ሜልሲዮር በጓሮ በር ገባ። ጫማው ጭቃ ነው፤ በወንዙ በኩል ዞሮ ነው የመጣው። ከኮቱ ውስጥ በንጹሕ መሐረብ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ፈታው። ሦስት ሮቬዮ፣ እግራቸው በሰንጢ በልክ የተቆረጠ። ከዚያ ኪሱን ገልብጦ ጉማጆቹን ከጎን አስቀመጠ።

ቴክላ ተቀምጣ ምድጃውን አስነደደች። ቆባቸውን ገልብጣ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው አደረገችባቸው፤ ቀይ ደማቸው በብረቱ ላይ ጢስ ጢስ አለ። አንዱን ለራሷ አደረገች። ሁለቱን ለእሱ ሰጠችው።

ሜልሲዮር ባርኔጣውን አወለቀ። አንዱን ቆርሶ ጎረሰና ሳያላምጥ ለጥቂት ጊዜ አፉ ውስጥ ያዘው። ከአባቱ ሞት ወዲህ ከዚያ ቦታ የመጣ ሲቀምስ የመጀመሪያው ነው። ዓይኑ ሳህኑ ላይ ነበር፣ ቀና ማለት አልቻለም።

«ምነው? አሸዋ አለበት?» አለች ቴክላ።

«ጨው አንሶታል» አለ ሜልሲዮር። ከዚያ ሳህኑን በዳቦ ጠርጎ እስከ መጨረሻው በላ።